የግራናይት ዕድሜ ልታስለኩ ነው? መጀመሪያ የምኑን ዕድሜ እንደሆነ ወስኑ

ባሕር ዳር ውስጥ በየዓመቱ በበጋው መገባደጃ የሚደጋገም ነገር አለ። ተማሪ ከመተከል በረሃ ይመለሳል። ፊቱ ጠቁሯል፣ ቦርሳው በድንጋይ ሞልቷል፣ ገንዘቡ አልቋል። ቢሮዬ ይገባና ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሮዝ ግራናይት ዱብ ያደርጋል። "ጋሼ፣ ዕድሜውን ላስለካው ነው። ዚርኮን ይሻላል አርጎን?" ይለኛል። (ዚርኮን በአለት ውስጥ ያለ፣ ዩራኒየም የያዘ ጥቃቅን ማዕድን ነው፤ አርጎን ከፖታሲየም የሚወለድ ጋዝ። በሁለቱም ዕድሜ ይለካል።) እኔም ሁልጊዜ በጥያቄ ነው የምመልሰው፤ "የምኑን ዕድሜ?"

መጀመሪያ ሲሰሙት የማሾፍ ይመስላቸዋል። የግራናይቱን ነዋ! ግን ግራናይት አንድ የልደት ቀን የለውም። ቢያንስ ሦስት አለው፤ ዘዴዎቹም የሚያነቡት የተለያየውን ነው። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የባዮታይትን (እንደ ቅጠል የሚላጠውን ጥቁር ማዕድን) የአርጎን ዕድሜ አስለክቼ፣ "ግራናይቱ የተፈጠረው ያኔ ነው" ብዬ ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ አቅርቤያለሁ። በኋላ የዚያኑ አለት ዚርኮን አስለካሁት። በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዓመት በለጠው። ማሽኑ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ጎጃም ላይ ለምን ይህን እናወራለን?

ጎጃም ሲባል ሰው የሚያስበው ጮቄን ነው። ጮቄ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሆኖም በምድር ቅርፊት ግጭት የተነሣ ተራራ ሳይሆን የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የነበረ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ ያለው ደጋ ደግሞ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት ነው። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከባዛልቱ ቀጥሎ ኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋ ድንጋይ ታያላችሁ። ግራናይት ፍለጋ ከሆነ የመጣችሁት መንገዱ ሌላ ነው። ወደ ምዕራብ፣ በድሮው አጠራር ወደ መተከል አውራጃ መውረድ አለባችሁ። የህዳሴ ግድብ ያለበት ጉባም በዚያው አሮጌ አለት ላይ ነው።

ያ አሮጌ አለት የእውነተኛ ተራራ ሰንሰለት ሥር ነው። የዛሬ 850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ጥንታዊ ውቅያኖስ ተዘግቶ፣ ጎንድዋና የሚባለው ጥንታዊ ታላቅ አህጉር የምሥራቅና የምዕራብ ቁርጥራጮች ተጋጭተው ትልቅ ተራራ ተነሥቶ ነበር። ተራራው ተሸርሽሮ አልቋል። የቀረው ሥሩ ነው፤ ሥሩ ውስጥ ደግሞ ግራናይት አለ። ዛሬ ሂማላያ ሥር በጥልቀት ተሸሽጎ ያለው ነገር እኛ ጋ በእግር የሚረገጥ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ሦስቱ ልደቶች

ቅቤ ሲነጠር አስቡ። መጀመሪያ እሳቱ ላይ ይቀልጣል። ከዚያ ንጹሑ ከዝቃጩ ተለይቶ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ከዚያ ይረጋል፤ ጮቄ ሥር ቶሎ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደግሞ እንጃ።

የምድር ቅርፊትም በግጭት ጊዜ እንዲሁ ነው። ቅርፊቱ ይወፍራል፣ ከታች ያለው አለት ይሞቃል። ጭቃ-ወለድ አለት ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ማስኮቫይት (ነጩ ሚካ) 700 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲፈርስ መቅለጥ ይጀምራል። ባዮታይት (ጥቁሩ ሚካ) ሲፈርስ፣ ማለትም ከ800 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ፣ ቅላጩ ይበዛል። በከፊል የቀለጠው አለት ሚግማታይት ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንደ ጥለት የተዥጎረጎረው ነው። ቅላጩ ተጠራቅሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ገብቶ ይጠጥራል፤ ያ ግራናይት ነው። ከዚያ ተራራው እየተሸረሸረ ሲሄድ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ መቅለጥ፣ መጠጠር፣ መቀዝቀዝ። በመካከላቸው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ሊኖር ይችላል፣ አንዳንዴም አሥር ሚሊዮኖች። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ "ዘዴው የሚነግረኝ የትኛውን ነው?" የሚለው ነው። ሁለተኛው የውርስ ነገር ነው፤ ማዕድኑ ከድሮ አለት የተረፈ ይሆን? ሦስተኛው ጽናት ነው፤ በኋላ የመጣ ሙቀት፣ ትኩስ ውኃና የመተከል ፀሐይ ያላበላሹት መሆን አለበት። አራተኛው የስህተት መጠኑ ከጥያቄያችሁ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው። የ600 ሚሊዮን ዓመት አለት ላይ 2 በመቶ ስህተት ማለት 12 ሚሊዮን ዓመት ነው። የ20 ሚሊዮን ዓመት የሂማላያ ግራናይት ላይ ግን 400 ሺህ ብቻ። ያው ማሽን፣ ያው መቶኛ፣ ፈጽሞ የተለያየ ትርጉም። አምስተኛው ገንዘብና ጊዜ ነው፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ዚርኮን፦ መነሻው እዚህ ነው

ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ወደ ውስጡ ያስገባል፤ እርሳስን ግን አያስጠጋም። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል ከዩራኒየሙ የተወለደ ነው። ሌላው ጥቅሙ ሁለት ሰዓት በአንድ ላይ መያዙ ነው። ዩራኒየም-238 በ4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ ዩራኒየም-235 ደግሞ በ704 ሚሊዮን ዓመት በግማሽ ይቀንሳሉ። ሁለቱ ሰዓቶች ከተስማሙ ጥሩ ነው። ካልተስማሙ አንድ ነገር ተነካክቷል ማለት ነው። ይህን በአንድ ኩርባ ላይ ማየት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 በሳይንቲስቱ በዌዘሪል ሥራ ነው፤ ኩርባው ኮንኮርዲያ ይባላል። ምስክሩን ራሱ ይዞ የሚመጣ ዘዴ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም።

ከ900 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀር እርሳሱ በቀላሉ አይወጣም። ጽናቱ እንግዲህ ወደር የለውም። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አለቱ ሲቀልጥ ዚርኮኑ አይቀልጥም!

እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ከትናንቱ እርሾ ይጨምራሉ። የዛሬው ሊጥ ውስጥ የትናንቱ አለ፣ የትናንቱ ውስጥ የትናንት ወዲያው። ግራናይትም ሲወለድ የምንጭ አለቱን ዚርኮን ይዞ ይመጣል። አዲሱ ቅላጭ በአሮጌው ማዕከል ዙሪያ ቀጭን ቅርፊት ይለብጥለታል። ማዕከሉን ከለካችሁ የለካችሁት እርሾውን ነው፤ እንጀራው የተጋገረው ዛሬ ነው፣ እናንተ ግን የአምናን ቀን ትጽፋላችሁ። በተለይ በዝቅተኛ ሙቀት የተፈጠሩት፣ ባለ ሁለት ሚካ (ማስኮቫይትና ባዮታይት ያላቸው) ነጫጭ ግራናይቶች በእርሾ የተሞሉ ናቸው። የሂማላያዎቹ ዋና ምሳሌ ናቸው። ሙቅ ሆነው የመጡት ግራናይቶች አሮጌውን ዚርኮን ስለሚያሟሙት ያን ያህል አያስቸግሩም።

መፍትሔው ፎቶ ነው። ከመለካት በፊት የእያንዳንዱን ቅንጣት የካቶዶሉሚኒሰንስ ምስል (ቅንጣቱ በኤሌክትሮን ሲመታ የሚያበራውን ብርሃን ፎቶ) አስነሡ። ማዕከልና ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተለይተው ይታያሉ። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ቤተ ሙከራ (ስሙ ይቅር) ያለ ምስል የቁጥር ሰንጠረዥ ብቻ ላከልኝ። ስድሳ ነጥብ፣ ስድሳ ዕድሜ፣ የትኛው ከየት እንደተወሰደ አይታወቅ። ገንዘቡ ውኃ በላው። ከዚያ ወዲህ ምስሉን ሳላይ አላስለካም።

ማሽኑ ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው።

ሌዘሩ ከሁሉም ፈጣንና ርካሽ ነው። ከ20 እስከ 40 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የምትሆን ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ነጥብ ይጨርሳል። ስህተቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ቅርፊቱ ከሌዘሩ ከቀጠነ ግን ማዕከልና ቅርፊትን አንድ ላይ ይጎርሳል።

ሁለተኛው ቅንጣቱን በአዮን ጨረር የሚመታው የአዮን ማሽን ነው (ካንቤራ ላይ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሽሪምፕ የሚባለው ማሽን የዚህ ዘር ነው)፤ ጉድጓዱ በጣም ጥልቀት የሌለው ነው። ስለዚህ ለቀጭን ቅርፊት ይሻላል። ቀርፋፋ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው።

ሦስተኛው ቲምስ ነው። ቅንጣቱን በአሲድ አሟሙቶ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማቲንሰን የተባለው ተመራማሪ ያስተዋወቀው ቅድመ ዝግጅት፣ ቅንጣቱን አግሎ የተጎዳውን ክፍል በአሲድ መብላት ማለት ነው፣ ዘዴውን በጣም አሻሽሎታል። ስህተቱ 0.1 በመቶ ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል። ነገር ግን ሙሉ ቅንጣት ካሟሟችሁ እርሾና ሊጥ ይደባለቃል። ውጤቱ በጣም ጥንቃቄ የተሞላበት፣ በጣም የተሳሳተ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቲምስን የምመክረው ውርስ ለሌለባቸው ቅንጣቶች ነው፤ ወይም የቅንጣቱን ጫፍ ሰብሮ ለሚለካ ትዕግሥተኛ ሰው።

ሞናዛይት፦ የቅላጩ ጸሐፊ

መቅለጡን ራሱ ማወቅ ከፈለጋችሁ እኔ ከዚርኮን ይልቅ ሞናዛይትን አስቀድማለሁ። ቶሪየም የበዛበት የፎስፌት ማዕድን ነው። በነጫጭ ግራናይቶችና በሚግማታይት ውስጥ ይገኛል። በእነዚህ አለቶች ውስጥ ከዚርኮን ይልቅ በቅላጩ ይሟሟል፣ ከዚያ እንደገና ይፈጠራል። ስለዚህ እርሾው ያንሳል። ሙሉ በሙሉ የለም ማለት ግን አይደለም።

በጣም የምወድለት ነገር በውስጡ ያለው ኢትሪየም የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ጋርኔት፣ አለት ሲሞቅ የሚያድገው ቀይ ማዕድን፣ ሲያድግ ኢትሪየምን ጠራርጎ ይወስዳል። ያን ጊዜ የተፈጠረ ሞናዛይት ኢትሪየም አጥቶ ይታያል። ጋርኔቱ ሲፈርስ ደግሞ ኢትሪየሙ ይለቀቃል፤ የዚያን ጊዜው የሞናዛይት ቅርፊት በኢትሪየም ይበለጽጋል። እንግዲህ ዕድሜውን ከኢትሪየሙ ጋር ስታነቡ "ይህ ሲሞቅ የተጻፈ ነው፣ ይህ ቅላጩ ሲጠጥር የተጻፈ ነው" ማለት ትችላላችሁ። ዕድሜ ብቻውን ቁጥር ነው። ከኬሚስትሪው ጋር ሲሆን ወሬ ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄ። ለወጣት አለት የዩራኒየም-238ን ሰዓት አትመኑ። ሞናዛይት ሲፈጠር ቶሪየም-230 ስለሚያስገባ፣ ከእሱ የሚወለደው ትርፍ እርሳስ ዕድሜውን ያስረጀዋል። የቶሪየም-232ን ሰዓት ተጠቀሙ፤ ግማሽ ዕድሜው 14 ቢሊዮን ዓመት ነው። ለ600 ሚሊዮን ዓመቱ የመተከል አለት ይህ ትርፍ ቁም ነገር አይደለም። ሁለተኛው ትኩስ ውኃ ነው። ሞናዛይት ሙቀትን ይችላል፣ ትኩስ ውኃን ግን አይችልም፤ ይሟሟና አዲስ ሆኖ ይጻፋል።

በጀት የሌለው ሰው ሞናዛይትን በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ ማስለካት ይችላል። አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች) ሳይለይ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና እርሳስን ብቻ ቆጥሮ ዕድሜ ያሰላል። ለአሮጌ አለት ያስኬዳል። ለሂማላያ ዓይነት ወጣት ግን እርሳሱ በቂ ስላልሆነ አይሞከርም።

ጋርኔት

ሰዓቶቹ ሁለት ናቸው፤ ሉቲቲየም ወደ ሃፍኒየም፣ ሳማሪየም ወደ ኒዮዲሚየም የሚለወጡባቸው። የሚለካው ጋርኔት ስለሆነ፣ የምድር ቅርፊቱ መወፈርና መሞቅ የጀመረበትን ይነግራል። ግራናይቱን ሳይሆን ከግራናይቱ በፊት ያለውን ታሪክ ነው። ሥራው አድካሚ ነው፣ ቤተ ሙከራውም ጥቂት። የዶክትሬት ጥያቄ ከሌላችሁ እለፉት።

አርጎን፦ ላይኛው ጎጃም ይወደዋል፣ ታችኛው ያሳስተዋል

ፖታሲየም-40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሚወለዱት አንዱ አርጎን ነው። አርጎን ጋዝ ነው። ማዕድኑ ትኩስ እስከሆነ ድረስ ያመልጣል። ሰዓቱ የሚጀምረው ማዕድኑ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሆርንብሌንድ የሚባለው ጥቁር ማዕድን 500 ዲግሪ አካባቢ፣ ማስኮቫይት 400 ገደማ፣ ባዮታይት 300 ገደማ። ምጣዱ ከእሳት ወርዶ እጅ ሲያስነካ መቁጠር እንደመጀመር ነው። ጋገራው መቼ እንደነበረ አይነግራችሁም።

ባዛልት ላይ ግን ይህ ችግር የለም። ላቫ ፈስሶ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ መፍሰሱና መቀዝቀዙ አንድ ቀን ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ጥናት በዚሁ ዘዴ የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደፈሰሰ ማሳየት የቻለው። ተማሪዎቻችን ይህን አንብበው ዘዴውን ቀጥታ ወደ ግራናይቱ ይወስዱታል። የኔም ስህተት ከዚያ ነው የመጣው።

አርጎንን ግን አትናቁት። ተራራው በምን ፍጥነት እንደተሸረሸረና እንደቀዘቀዘ ለማወቅ ሁነኛ ዘዴ ነው። ናሙናው በኑክሌር ማብላያ ውስጥ መግባት ስላለበት ወራት ይወስዳል። ባዮታይታችሁ ተበላሽቶ ክሎራይት ወደሚባለው አረንጓዴ ማዕድን ከተለወጠ ደግሞ ገንዘባችሁን አትጣሉ።

ሩቢዲየም-ስትሮንቲየም፣ ሙሉ አለት

ሩቢዲየም ወደ ስትሮንቲየም የሚለወጥበትን የሚቆጥር ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ገናና ነበር፤ ድሮ የታተሙ ካርታዎች ላይ የምታዩት የግራናይት ዕድሜ ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ሁሉም ናሙናዎች ከአንድ ዓይነት መነሻ ተነሥተዋል ብሎ ይገምታል። የምድር ቅርፊት ቅላጭ ግን ብዙ ጊዜ እኩል አይደባለቅም። ናሙናዎቹ ግራፍ ላይ ሲሰፍሩ ቀጥ ያለ የሚመስል መስመር ይወጣና ዕድሜው ውሸት ይሆናል። ለአዲስ ሥራ ብቻውን አልመክረውም።

በአንድ ዓይን

| ዘዴ | የሚያነበው ልደት | ዋና ወጥመድ | የመተከልን ፀሐይ ይችላል? | ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| ዚርኮን በሌዘር | መጠጠር | ውርስ፣ የተደባለቀ ጉድጓድ | በደንብ | ዝቅተኛ፣ ፈጣን |
| ዚርኮን በአዮን ማሽን | መጠጠር፣ ቀጭን ቅርፊት | ወረፋ | በደንብ | መካከለኛ |
| ዚርኮን በቲምስ | መጠጠር፣ በጣም በጠባብ ስህተት | እርሾና ሊጥ መደባለቅ | በደንብ | ከፍተኛ፣ ዘገምተኛ |
| ሞናዛይት | መቅለጥና መጠጠር | ትኩስ ውኃ፣ በወጣት አለት ትርፍ እርሳስ | ደህና | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ጋርኔት | ከመቅለጥ በፊት መሞቅ | አድካሚ ዝግጅት | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| አርጎን | መቀዝቀዝ | እንደ መጠጠር ዕድሜ ማንበብ | ባዮታይቱ ከተበላሸ አይችልም | መካከለኛ፣ ወራት |
| ሩቢዲየም ሙሉ አለት | አሻሚ | የውሸት መስመር | ደካማ | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ለማስተርስ ከሆነና ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ዚርኮን በሌዘር፣ ከምስል ጋር። አሥር ግራናይት በጥቂት ነጥብ ከማስለካት ሦስት ግራናይት በብዙ ነጥብ ይሻላል። ቁጥሩ ሲበዛ ሪፖርቱ ያምራል፤ የፈተና ቀን ግን ያጋልጣል።

ጥያቄያችሁ "የምድር ቅርፊቱ መቼ ቀለጠ?" ከሆነ ግራናይቱን ብቻ አትላኩ። ከሚግማታይቱ ነጩን ክፍል ለብቻው፣ ጥቁሩን ለብቻው ቆርጣችሁ ሞናዛይት አስለኩ፤ ዚርኮኑን አጋዥ አድርጉት። ግራናይቱ ከዚያ ሚግማታይት መምጣት አለመምጣቱን የምታውቁት ሁለቱ ዕድሜዎች ሲገጥሙ ነው።

ሁለት የሚቀራረቡ ግራናይቶች የቱ እንደሚቀድም መለየት ከፈለጋችሁ፣ የ600 ሚሊዮን ዓመት አለት ላይ ሌዘር አይበቃም። የ12 ሚሊዮን ዓመቱ ስህተት ሁለቱንም ይውጣቸዋል። መጀመሪያ ሜዳ ላይ የቱ የቱን እንደቆረጠ እዩ፤ እሱ ነጻ ነው። ከዚያ ቲምስ።

የተራራውን አወራረድ የምትፈልጉ ከሆነ ዚርኮን፣ ሆርንብሌንድና ባዮታይት ከአንድ አለት አውጡና በሙቀትና በጊዜ ላይ አንድ መስመር ሥሩ። እዚህ አርጎን ቦታውን ያገኛል።

ስለ ናሙና አንድ ነገር ልጨምር። መተከል ውስጥ ከላይ ያለው አለት ብዙ ጊዜ በስብሷል። ወንዝ ያጠበውን፣ መንገድ የቆረጠውን ፈልጉ። በመዶሻ ስትመቱት የሚጮህ ይሁን። ለዚርኮን ከ2 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል። ወርቅ አጣቢዎች ገበቴ ላይ በሚቀረው ጥቁር አሸዋ ውስጥም ዚርኮን አለ፤ ከኳርትዝ በጣም ስለሚከብድ ከወርቁ ጋር ይቀራል። አንድ ተማሪ ይህን ሰምቶ አሸዋውን በላስቲክ አምጥቶልኛል፤ ድንጋይ ከመሸከም ተገላገልኩ ብሎ። ብልህ ነው፣ ግን አሸዋው ከየትኛው ግራናይት እንደመጣ ወንዙ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የዘንድሮውን ልጅ ድንጋይ በሌንስ አየሁት። ባዮታይቱ አረንጓዴ ሆኗል። "አርጎኑን ተወው" አልኩት። ሁለት ሚካ አለው፣ ጋርኔትም ፈንጠር ፈንጠር ብሎ ይታያል፤ እርሾ የሞላበት ይሆናል። "ዚርኮን ከምስል ጋር፣ ሞናዛይት ደግሞ ከሚግማታይቱ" አልኩት። "ሚግማታይቱስ የታለ?"

"ትቼው መጣሁ፣ ጋሼ። ከባድ ነበር።"